ፍቅር፣ ፈውስ ወይስ ጓደኝነት? ለሴቶች የተጻፉ መንፈሳዊ ልቦለዶችን ስንመርጥ

አንድ ጊዜ ለጓደኛዬ መጽሐፍ መርጬ ተሳሳትኩ። ልጇን ካጣች አምስት ወር ሆኗት ነበር። ሽፋኑ ላይ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው በአበባ ሜዳ ውስጥ ይሄዳሉ። ከሥሩ "የተስፋና የፈውስ ታሪክ" ይላል። ይህማ ለእሷ የተጻፈ ነው ብዬ ሳላነበው ሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሰችልኝ። ከመሃል ትንሽ አለፍ ብሎ የአንድ ገጽ ጥግ ታጥፏል። ገለጥኩት። የታመመ ሕፃን አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተጸልዮለት፣ ሲነጋ ትኩሳቱ ለቆት "እማዬ፣ ራበኝ" ይላል።

"ቀሪውን አንቺ ጨርሺው" አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

መጽሐፉ መጥፎ አልነበረም። በኋላ ራሴ ጨረስኩት፤ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ አልቅሼበታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። "ፈውስ" የሚለውን ቃል ሳይ እሷ ትዝ አለችኝ እንጂ የማን ፈውስ፣ እንዴት ያለ ፈውስ ብዬ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ሆነ ለሰው ስመርጥ አንድ ነገር ሳላጣራ አልወስድም።

የእነዚህ መጻሕፍት የጀርባ ጽሑፍ ሁሉም አንድ ይመስላል። ፍቅር አለ፣ ፈውስ አለ፣ ጓደኝነት አለ። ውሸት አይደለም፤ ሦስቱም ውስጡ አሉ። ግን አንዱ ነጂ ነው፣ ሁለቱ ተሳፋሪ። ነጂውን ለማወቅ፣ መጀመሪያ ላይ የተከፈተው ቁስል በመጨረሻ በማን እጅ እንደሚዘጋ ማየት ነው። ቁስሉን የሚዘጋው የአንድ ወንድ ፍቅር ከሆነ፣ የያዛችሁት የፍቅር ልቦለድ ነው። ሴትዮዋ ራሷ ከእግዚአብሔር ጋር ስትሟገት፣ ስትኳረፍ፣ ስትታረቅ ከሆነ የፈውስ ነው። በሩን አንኳኩተው የገቡ ሴቶች ከሆኑ ደግሞ የጓደኝነት ነው።

ሦስቱን አቻችሎ የያዘ ታሪክ አሳዩኝ ብትሉ መጽሐፈ ሩትን እሰጣችኋለሁ። አራት ምዕራፍ፣ 85 ቁጥር ብቻ ነው። ፍቅሩ የሩትና የቦዔዝ ነው። ፈውሱ የኑኃሚን ነው፤ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ወደ አገሯ ተመልሳ "ማራ በሉኝ" (መራራ ማለት ነው) ያለችው ሴት። ጓደኝነቱ የሁለቱ ነው። "ወደምትሄጅበት እሄዳለሁ" የሚለውን ብዙ ሰው የሙሽሮች ቃል ኪዳን ይመስለዋል። ምራት ለአማቷ ነው ያለችው። ግን እዚህም ነጂ አለ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ክፈቱና ቁጠሩ። ቦዔዝ ሩትን ማግባቱ፣ መፀነሷና መውለዷ በአንድ ቁጥር ያልቃል። ከዚያ የጎረቤት ሴቶች ይመጣሉ። ኑኃሚንን ያጽናኗታል፣ ምራትሽ ከሰባት ወንዶች ልጆች ትበልጥብሻለች ይሏታል። ለሕፃኑ ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው። ጸሐፊው ቦታውን ለማን እንደሰጠ አያችሁ? ሠርጉን ሳይሆን የኑኃሚንን እቅፍ ነው ያሳየን። በዚህ መለኪያ ሌሎቹንም እንያቸው።

ፍቅር ሲነዳው

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ እንቅፋት፣ መጨረሻ ላይ ጋብቻ። ከሌላው የፍቅር ልቦለድ የሚለየው የመኝታ ቤቱ በር ስለሚዘጋ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ ክር አለው፤ የእምነት ክር። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ እምነቱን ጥሏል ወይም እግዚአብሔርን ተቀይሟል። ያ ሳይፈታ ፍቅሩም አይፈታም። ክሮቹ ከመጀመሪያው አብረው ሲገመዱ ያምራል። ሲጣበቅ ግን ያስታውቃል። እስከ ምዕራፍ 18 ድረስ የእግዚአብሔርን ስም ያላነሳ ሰው ምዕራፍ 19 ላይ ተንበርክኮ ምዕራፍ 20 ላይ ካገባ፣ ደራሲዋ ቸኩላለች።

ዘመናዊው ክርስቲያናዊ የፍቅር ልቦለድ መልኩን የያዘው በአብዛኛው ካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለዷ ነው። ባሏ በድንገት የሞተባት ነፍሰ ጡር ሴት ናት። ሚስቱ ሞታበት ትንሽ ሴት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ያገባታል። ፍቅር የሚባል ነገር የለም። እሷ መጠለያ፣ እሱ ለልጁ እናት ነው የፈለጉት። ፍቅሩ ኋላ፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ጥንካሬውም ድካሙም ያው ሰላሙ ነው። አያስደነግጥም። ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ ክፉ ነገር የማልሰማበት ሦስት ሰዓት ስጡኝ ለምትሉበት ቀን ይሆናል። ከዚያም አጠር ያለ ከፈለጋችሁ ሃርለኩዊን የተባለው አሳታሚ ከ1997 ጀምሮ የሚያወጣቸው መንፈሳዊ የፍቅር ልቦለዶች አሉ። ቅዳሜ ተጀምረው እሑድ የሚያልቁ ናቸው።

በሌላው ጫፍ ፍራንሲን ሪቨርስ በ1991 ያወጣችው ልቦለድ አለ። የነቢዩ ሆሴዕንና የጎሜርን ታሪክ በ1850ዎቹ ወደነበረው የካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ወስዳ ነው የጻፈችው። ሆሴዕ ሚስቱን በ15 ብርና በገብስ መልሶ እንደገዛት ታስታውሳላችሁ። እዚህም ያው ፍቅር ነው፤ ሸሽታ ስትሄድ ተከትሎ የሚመጣ። ብዙ ሴቶች ይህን መጽሐፍ "ሕይወቴን ነካው" ይሉታል፤ አምናቸዋለሁ። ግን ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በልጅነቷ ለዝሙት የተሸጠች ናት፤ ያ ደግሞ በሹክሹክታ አልታለፈም። "ክርስቲያናዊ ነው" ብሎ ብቻ ለ14 ዓመት ልጅ መስጠት አይገባም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴትም አስቀድማ ማወቅ አለባት።

ከፍቅር ልቦለዶች ጋር አንድ ቅያሜ አለኝ። ወንዱ አንዳንዴ ሰው መሆኑ ይቀርና አዳኝ ይሆናል። አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ ሁልጊዜ ትክክለኛው ጥቅስ አፉ ላይ ነው። ሴትዮዋ እግዚአብሔርን ያገኘችው ወይስ እሱን? አይለይም። ሪቨርስ ይህን አደጋ ያየችው ይመስለኛል። መጨረሻው አካባቢ ሴትዮዋን ከባሏ ለይታ ብቻዋን እንድትቆም ጊዜ ሰጥታታለች። ስትመለስ ወድዳ ነው። ይህች ቁራጭ ባትኖር መጽሐፉን እንዲህ አልወደውም ነበር።

ትዳር እንደ ሽልማት መቅረቡ የሰለቻት ነጠላ ሴት፣ ወይም ትዳሯ ገና የፈረሰባት፣ ለጊዜው ይህን መደርደሪያ ትለፈው። አይጠፋም፣ ይቆያታል።

ፈውስ ሲነዳው

ይህኛው ነው ምርጫ የሚያስቸግረው። ቁስሉ ብዙ ዓይነት ነው። ሐዘን አለ፣ መካንነት አለ፣ ክህደት፣ ጥቃት፣ ሱስ። ለአንዷ መድኃኒት የሆነው ለሌላዋ ጨው ነው፤ በእኔ እጅ አይታችሁታል።

ጥሩውን ከደካማው የምለየው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። 12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት አለች። ገንዘቧን ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ልብሱን ነካች፤ ወዲያው ዳነች። አካሏ የዳነው በአንድ ቁጥር ነው። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ኢየሱስ ቆመ፤ ሕዝቡ እየተጋፋው "ማን ዳሰሰኝ?" አለ። እየፈራች እየተንቀጠቀጠች መጥታ እውነቱን ሁሉ ነገረችው። "ልጄ ሆይ" ያላት ከዚያ በኋላ ነው። ደካማ የፈውስ ልቦለድ ደሙ ሲደርቅ "ተፈጸመ" ይላል። ጥሩው ደግሞ ከዚያ ይጀምራል። የ12 ዓመቱን ነገር በሰው ፊት ማውራት፣ እንደገና "ልጄ" መባል። ይህ ገጽ ይፈልጋል። ምዕራፎች ይፈልጋል።

ስለዚህ አንድ የፈውስ ልቦለድ ሲገጥማችሁ ተአምሩ ወይም መፍትሔው የት ጋ እንደሆነ ፈልጉ። በመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች ብቻ ከሆነ ያው የምሥራች እየጠበቃችሁ ነው የምታነቡት። መሃል ላይ ሆኖ ከዚያ በኋላ ብዙ ገጽ ከተረፈ ደራሲዋ ነገሩን ታውቀዋለች ማለት ነው። መጨረሻውን አስቀድሞ ማየት ነውር ነው የሚሉ አሉ። ለራሳችሁ ስታነቡ ይሁን። ላዘነ ሰው ስትመርጡ ግን መጨረሻውን ማየት ግዴታ ነው።

ሁለተኛ የማየው፣ "እግዚአብሔር ይህን ያደረገው ለበጎ ነው" የሚለውን ነገር ማን፣ መቼ እንደሚናገረው ነው። ሴትዮዋ ራሷ፣ ዓመታት ቆይታ፣ እየተንተባተበች ካለችው ይሁን። ገና ከቀብሩ ሳትመለስ አንዱ ዘመድ ብሏት መጽሐፉም ከእሱ ጋር ከተስማማ፣ እኔ እዘጋዋለሁ። የኢዮብን ወዳጆች እናማቸዋለን እንጂ አመጣጣቸው ጥሩ ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል ያወጣ የለም። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ብዙ የፈውስ ልቦለዶች ሰባቱን ቀን ዘለው ወደ ንግግሩ ይሄዳሉ።

ሦስተኛው የምር ነው። በቤት ውስጥ ጥቃትን የሚያነሱ ልቦለዶች አሉ። ሚስት ትታገሳለች፣ ትጸልያለች፣ ባል በመጨረሻ በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ ትዕግሥቷ ተከፈላት ይባላል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ቤቷ ውስጥ ለምትፈራ ሴት አልሰጥም። ይቅር ማለትና ወደዚያው ቤት መመለስ አንድ አይደሉም፤ ይህን ለይቶ የሚያውቅ ልቦለድ ነው የሚሰጣት። ስለ መድኃኒትም እንዲሁ። በጭንቀት የምትሠቃየው ገጸ ባሕርይ ክኒኗን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደፍታ "አሁን አመንኩ" የምትልበት ትዕይንት ካለ መጽሐፉን መልሱት። ሐኪምና ጸሎት በአንድ ቤት ተስማምተው የሚኖሩባቸው ልቦለዶች ሞልተዋል።

ይህ ዓይነቱ ለማን ይሆናል? ቁስሉ ትንሽ ለሻረላት። ትኩስ ሐዘን ውስጥ ላለች ሴት ረጅም ልቦለድ አይነበብም፤ አንዱን መስመር አራት ጊዜ ታነበዋለች። ለእሷ መዝሙረ ዳዊት ይሻላል፤ አጫጭር ነው፣ ማጉረምረምም አያፍርም።

ጓደኝነት ሲነዳው

እዚህ ጋ አዳላለሁ፤ ካሁኑ ልናዘዝ። የምወደው ይህን ነው።

ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሴቶች ናቸው። ምዕራፎቹ በየስማቸው ይፈራረቃሉ። የሚያገናኛቸው የጸሎት ቡድን፣ የሥራ ቦታ ወይም የሆስፒታል ኮሪደር ነው። የመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ያደክማሉ፤ ማን የማን እናት እንደሆነች ይምታታል። ወረቀት ላይ ስማቸውን ጽፎ ዕልባት ማድረግ ያግዛል። ደካማው ሲሆን ችግር እንደ ካርታ ይታደላል። አንዷ የተፋታች፣ አንዷ የታመመች፣ አንዷ ልጅ ያጣች፣ አንዷ ሀብታም ግን ብቸኛ። ሰው አይደሉም፣ መሳቢያ ናቸው። ጥሩውን በጠባቸው ታውቁታላችሁ። የማይጣሉ ጓደኛሞች ያሉበት ልቦለድ ውስጥ ጓደኝነት የለም። አንዷ የሌላዋን ምስጢር አፏ አምልጧት ታወጣለች፣ አንዷ ስትወልድ መካኗ ትሸሻለች። እነዚያን ገጾች ፈልጉ። እርቁ "ይቅርታ፣ ምንም አይደለም" ተባብሎ በግማሽ ገጽ ካለቀ ያሳዝናል።

ይህ መስመር አዲስ እንዳይመስላችሁ። ጆን ባንያን በ1678 ባወጣው የመንገደኛ ታሪክ፣ ሰውየው ሚስቱና ልጆቹ ሲጠሩት ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ "ሕይወት! ሕይወት!" እያለ ይሮጣል። በ1684 ግን ሁለተኛ ክፍል ጻፈ። አሁን የምትነሣው ሚስቱ ክርስቲያና ናት። አራት ልጆቿን ይዛ፣ ምሕረት የምትባል ወጣት ጎረቤቷን አስከትላ። ምሕረት የጥሪ ደብዳቤ አልደረሳትም፤ ጓደኛዋን ብላ ነው የመጣችው። ከበሩ ሲደርሱ ክርስቲያና ከልጆቿ ጋር ትገባለች፤ ምሕረት ውጭ ትቀራለች። ክርስቲያና ውስጥ ሆና ስለ እሷ ትለምናለች። ምሕረት ፍርሃቷ ጠንቶ በሩን ደበደበችው። ሲከፈት ራሷን ስታ ወድቃለች፤ አልጋበዝም ብላ። ወንዱ ብቻውን ሮጠ፤ ሴቶቹ ተጠባብቀው ሄዱ። ከ300 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ትዕይንት ብዙ አዳዲስ የጓደኝነት ልቦለዶች የሚፈልጉትን በአንድ በር ላይ ጨርሶታል።

የጓደኝነት ልቦለድ ብቻዋን ለምታነብም ይሆናል፤ ለንባብ ቡድን ግን ወደር የለውም። የፍቅር ልቦለድ ላይ ውይይቱ "ደስ ይላል" ተብሎ ያልቃል። የፈውስ ልቦለድ ላይ ደግሞ አንዷ የራሷን ነገር ታነሳና ሌሎቹ ምን እንበላት ብለው ይጨንቃቸዋል። አራት ሴቶች ያሉበት ልቦለድ ላይ ግን ሁሉም የምትከራከርላት አላት። በእኛ ቡድን አንዲት ዝምተኛ ሴት ሦስት ወር ሙሉ ሳትናገር ቆይታ "እኔ እንደሷ ብሆን አልመለስም ነበር" ያለችው በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ

ዘመኑና ቦታው ከነጂው ያነሰ ነገር ነው፤ ግን ጣዕም ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶችን ታሪክ ያሰፋ ልቦለድ ካነሳችሁ ዋናውን ምዕራፍ ቀድማችሁ አንብቡ፤ አለዚያ ደራሲዋ የጨመረችው ከተጻፈው ጋር ይቀላቀልባችኋል። የድሮ ዘመን ታሪክ ዕረፍት ይሰጣል። የዛሬው ደግሞ ሰበብ አይሰጥም፤ ስልኩ፣ ሥራው፣ ትዳሩ የእናንተ ነው።

መነሻ ለሚያስፈልገው በእንግሊዝኛ ለሚጻፉ ክርስቲያናዊ ልቦለዶች በ1999 የተመሠረተው የክሪስቲ ሽልማት አለ። ስሙን ያገኘው ካትሪን ማርሻል በ1967 ካወጣችው ልቦለድ ነው። የ19 ዓመት ልጅ በ1912 በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ልታስተምር ትሄዳለች። ሁለት ወንዶች አሉ፤ ማንን ትመርጥ ይሆን ብሎ አንባቢ ይጓጓል። እኔ ግን ትዝ የምትለኝ በዕድሜ የምትበልጣት፣ ኩዌከር ከሚባለው የክርስትና ወገን የሆነችው ሴት ናት፤ ልጅቷ ስትሰበር የምትሄደው ወደ እሷ ነው።

ተከታታይ ቅጽ ያለውን ከመጀመራችሁ በፊት የመጀመሪያው ለብቻው መቆም ይችል እንደሆነ እዩ። ቅጽ አንድ ላይ ሴትዮዋን ገደል ጫፍ ላይ ትቶ "ይቀጥላል" የሚል መጽሐፍ ለታመመ ሰው ስጦታ አይደለም።

ትርጉም ስትመርጡ ሁለት ቦታ ክፈቱ። መጀመሪያ ጥቅስ ያለበትን። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም" የሚለውን በቃላችን የምናውቀውን ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው እንደ አዲስ ገልብጦት ከሆነ፣ ገጸ ባሕርይዋ ስታለቅስ እኛ አናለቅስም። ሁለተኛ ሴቶቹ መጀመሪያ የተገናኙበትን። የእንግሊዝኛው አንድ ቃል በእኛ "እርስዎ"ም "አንቺ"ም ይሆናል። ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ከመጀመሪያው ገጽ "አንቺ" ከተባባሉ፣ ሲቀራረቡ የሚቀየር ነገር አይኖርም። አንድ ትርጉም ላይ እስከ ምዕራፍ 9 "እርስዎ" ስትል የቆየች ሴት፣ ጓደኛዋን ከመሬት ስታነሳ "ተነሺ" አለቻት። ተርጓሚውን አግኝቼ ባመሰግነው ደስ ይለኝ ነበር።

ጊዜ ካጠራችሁ ደግሞ ከመሃል ግለጡና ሁለት ሴቶች ብቻቸውን የሚያወሩበትን ቦታ ፈልጉ። ስለ አንድ ወንድ ከሆነ ነጂው ፍቅር ነው። አንዷ ብቻ እየተናገረች ሌላዋ ጥቅስ የምትጠቅስላት ከሆነ ስብከት ነው። ሁለቱም የሚናገሩ፣ ሁለቱም የሚሳሳቱ ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ።

ያቺ ጓደኛዬ በቅርቡ ደውላ "የሚነበብ ነገር የለሽም?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ መጽሐፍ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ የጓደኝነት ልቦለድ እንዳለኝ ነገርኳት።

"ልጅ ይታመማል?"

"አዎ።"

"ይድናል?"

"አይድንም።"

ትንሽ ዝም አለች። "ጓደኞቿስ ምን ይሏታል?"

"ብዙም አይሉም። አብረዋት ይቀመጣሉ።"

"እሱን አምጪልኝ" አለች።